ከጎንደር ወደ ካርቱም በመኪና፦ ውሃውን ተከትሎ

ይህ መመሪያ ለነገ ጠዋት ጉዞ አይደለም። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ገና አልበረደም። ሠራዊቱ መጋቢት 2017 ላይ የካርቱምን ቤተ መንግሥት መልሶ ቢይዝም ከተማዋ ፍርስራሿን እየጠረገች ናት። ከጎንደር መተማ የሚወስደው መንገድም እገታና ተኩስ የሚሰማበት ሆኗል። ስለዚህ መኪናውን አታስነሡ፤ ካርታውን ግን ዘርጉት። ይህን ጉዞ ድሮም የሚያበላሸው ችኮላ ነበር።

ብዙ ሰው ካርቱምን ያያት በአውሮፕላን ሄዶ ነው፤ ሁለቱ ዓባዮች ሲገናኙ አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። የእኔ ምክር በየብስ፣ ያውም ከላይ ወደ ታች እንድትወርዱ ነው። ጎንደር፣ መተማ፣ ሴናር፣ ኦምዱርማን እና መርዌ ለየብቻ ሲታዩ አምስት ከተሞች ናቸው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሲታዩ ግን አንዱ የሌላውን ታሪክ ይጨርሳል። መንገዱም አዲስ አይደለም፤ ሲራራ ነጋዴ ለዘመናት ተመላልሶበታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አፄ ኢያሱን ሊያክም በሴናር በኩል አድርጎ ጎንደር የገባው በ1699 እ.ኤ.አ. ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1772 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ሲመለስ ሴናር ላይ ወራት ተጉላልቷል።

ወቅቱን በቅድሚያ ቁረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። ከሚያዝያ በኋላ የካርቱም ሙቀት 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበልም ቀኑን ያጨልመዋል። በክረምት ደግሞ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ያለው ምድር ዋልካ ነው፤ ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ከወጣችሁ ጎማው አይነሣም። ረመዳን በጉዞው መካከል እንዳይገባባችሁም የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ፤ ቀን ቀን ምግብ ቤት ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

ሰነድ ላይ አትሳሱ። ከፓስፖርትና ከቪዛ ሌላ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ለመኪናው የጉምሩክ ዋስትና እና የሱዳን ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ያዙ። የአማርኛውን ወረቀት ሁሉ ወደ ዓረብኛ አስተርጉሙ፤ ኬላ ላይ የቆመ ወታደር አማርኛ እንዲያነብላችሁ አትጠብቁ። ከጦርነቱ በፊት የነበረው ደንብ የውጭ ዜጋ በገባ በ3 ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝ ነበር። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደንቡ ተቀይሮ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል አዲስ አበባ ያለውን ኤምባሲ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ጎንደር ላይ ሁለት ቀን ስጡ። የፋሲል ግቢ አንድ ሙሉ ጠዋት ይወስዳል፤ ዋናው ግን ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በ1880 ዓ.ም. በአቡ አንጃ የተመሩት የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት፤ ያዳኗት ንቦች ናቸው ይላሉ አባቶች። ያንን ቃጠሎ በልባችሁ ያዙ፤ ኦምዱርማን ስትደርሱ ትፈልጉታላችሁ።

ከአዘዞ ተነሥታችሁ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል መተማ ዮሐንስ ለመድረስ ግማሽ ቀን በቂ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁና ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሹፌር ቆላ ሳይደርስ ጭስ ያሸታል። ጋቢያችሁን አይከልን አልፋችሁ ስትወርዱ ታወልቃላችሁ። ቆላው የወባና የካላዛር አገር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በተሰነጠቀ ዋልካና በግራር ሥር ስለሆነ፣ መኪና ቢበላሽባችሁ እንኳ ግራር ጥላ ሥር መሬት ላይ አትተኙ። አጎበር ከመለዋወጫ ጎማው እኩል የግድ ነው።

መተማ ላይ ለመሻገር ብቻ አትቁሙ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚህ ነው። ትንሿን ወንዝ ስትሻገሩ ገላባት ናችሁ። እዚያ ሰዓታችሁን አስተካክሉ፤ ሱዳን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በዚያ ላይ ቀኑን እንደ እኛ ከጠዋት አትቆጥርም። በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በእነሱ 7 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያመለጠው ሐበሻ ብዙ ነው። አርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ዝግ መሆኑንም አትርሱ። ለዘመድ ተብሎ የተቋጠረ አረቄ ካለ ጎንደር ይቅር። ድልድይ፣ ወታደርና ኬላ ፎቶ አይነሣም።

ብር ላይ አንድ ነገር፦ ካርዳችሁ አይሠራም ብላችሁ ተነሡ። ሱዳን በማዕቀብ የቆየች አገር በመሆኗ የውጭ ባንክ ካርድ ከጦርነቱ በፊትም ዋጋ አልነበረውም። ጥሬ ዶላር ያዙና በየደረጃው ወደ ሱዳኑ ገንዘብ ወደ ጊኔ መንዝሩ።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት፤ ነዳጅ ሙሉ፣ እደሩ፣ እለፉ። ሴናር ግን ከዋናው መንገድ ወጣ ብትልም ትጠየቃለች። የፉንጅ ሱልጣኔት ከ1504 እስከ 1821 እ.ኤ.አ. የተቀመጠው በዚህ አካባቢ ነው። የጎንደር ነገሥታት አንዴ ነጋዴ፣ አንዴ ጦር የላኩባት ሴናር ይህች ናት፤ የዳግማዊ ኢያሱ ዘመቻ በ1744 እ.ኤ.አ. በሽንፈት ያበቃው ከእሷ ጋር ነው። ከአሮጌው ከተማ የሚታይ ብዙ ነገር የለም፤ አላባብላችሁም። የሚታየው በ1925 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ የገዚራን እርሻ የሚያጠጣው ግድብ ነው። ከጣና የወጣው ውሃ ጥጥ ሲያበቅል ለማየት ግን መታጠፉ አይቆጭም።

ካርቱም ስትገቡ ሦስት ከተማ ትገባላችሁ፤ ካርቱም፣ ባሕሪ እና ኦምዱርማን ወንዝ ለይቷቸው በድልድይ የተያያዙ ናቸው። ለታሪክ የመጣ ሰው ማረፊያውን ኦምዱርማን ቢያደርግ ይሻላል። በ1947 እ.ኤ.አ. እንደገና የተሠራው የደርቡሾቹ መሪ የመህዲ መቃብር እና ቤተ መዘክር የሆነው የተተኪው የኸሊፋ ቤት ጎን ለጎን ናቸው። ጎንደርን ያስቃጠለው ኸሊፋ አብዱላሂ ይኖር የነበረው እዚሁ ነው፤ የአፄ ዮሐንስ ራስም ከመተማ ተቆርጦ የመጣው ወደዚች ከተማ ነው። የመተማ ታሪክ እኛ ዘንድ በሐዘን ያልቃል፤ እዚህ ደግሞ ከድል ይጀምርና በ1898 እ.ኤ.አ. ከከተማው ወጣ ብሎ ካረሪ ላይ በእንግሊዝ መትረየስ ያልቃል። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ሳምንት ማየት መጽሐፍ የማይሰጠው ነገር ነው። አርብ ቀን ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል በሼህ ሐመድ አል ኒል መቃብር ዙሪያ ሱፊዎች በዚክር የሚሽከረከሩበት ልማድም ነበር፤ ሲመለስ አያምልጣችሁ።

በካርቱም በኩል በዓባይ ዳር መንገድ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዘክር በጦርነቱ ተዘርፏል። ለጊዜው የኑቢያን ቅርስ ማየት የፈለገ አስዋን ያለው የኑቢያ ሙዚየም ይሂድ፤ አውሮፓ ያለ ወገን ደግሞ ዋርሶ ይግባ፤ ከፋራስ ካቴድራል የተነሡት የክርስቲያን ኑቢያ ሥዕሎች ከፊሎቹ እዚያ ናቸው። የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን የሚያውቅ ሰው ፊታቸው ላይ ቆሞ ይቆያል። ካርቱም ለአፄ ኃይለ ሥላሴም ከስደት መመለሻ ነበረች፤ በ1932 መጨረሻ ገብተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ከእሷ ተነሥተው ነው።

ስለ ሆድ አትጨነቁ። ጠዋት ፉል፣ ቀትር ላይ ኪስራ በሙላህ፤ ኪስራ የማሽላ እንጀራ ዘመድ ነው፤ ስስና ዓይን የሌለው። ቡናውንም ጀበና ይሉታል፤ ዝንጅብል ስለሚገባበት ግን የመጀመሪያዋ ፉት ታስደነግጣለች። እንጀራ የናፈቀው ወደ ዴም ወይም ጀሪፍ ሰፈር ይሄድ ነበር፤ እዚያ የነበሩት ሐበሾች ብዙዎቹ በጦርነቱ ተበትነዋል። ለከተማ ውስጥ መመላለሻ መኪናውን አቁሙትና ራክሻ ያዙ፤ የእኛው ባጃጅ ነው።

የመጨረሻው ቀን ለመርዌ ነው፤ ከካርቱም ወደ ሰሜን ምሥራቅ በአትባራ መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል። ሸንዲ ላይ ነዳጅና ውሃ ሙሉ። ፒራሚዶቹ ከመንገዱ ስለሚታዩ አይጠፉም። የብዙዎቹ ጫፍ የጎደለው በ1834 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ፈርሊኒ ወርቅ ፍለጋ ስላፈረሳቸው ነው ይባላል። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ያስጻፈው ዘመቻም ወደዚህ አገር የተደረገ ነው፤ በመርዌ ፍርስራሽ ውስጥ አክሱማዊ ንጉሥ ያስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ስባሪ ተገኝቷል። ጠዋት ማልዳችሁ ድረሱ፤ ከቀትር በኋላ አሸዋው ያቃጥላል።

ሹፌር ከቀጠራችሁ ግን «መርዌ» ብቻ አትበሉት። ከዚያ በጣም ርቆ፣ ከባዩዳ በረሃ ማዶ፣ ከሪማ አጠገብ ሜረዌ የሚባል ሌላ ከተማ አለ፤ ወደዚያ ይዟችሁ ይከንፋል። የፒራሚዶቹን ቦታ የአካባቢ ስም ጠርታችሁ «በጀራዊያ» በሉት።