በመፀው ወራት በየቤቱ ስለሚጋገረው እንጀራና ዳቦ፤ ስለ አዲስ እህልም አያያዝ

ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበት እህል እንጀራ ሆኖ ከመሶብ እስኪገባ ድረስ ድካሙ ተፈጸመ አይባልም። ከበረዶ የተረፈ፥ ከአንበጣና ከወፍ የዳነ አዝመራ ርጥብ ሆኖ ቢከተት ይሻግታል፤ ሳይበጠርና ሳይለቀም ቢፈጭ በሽታ ያመጣል፤ ሳይመጠን ቢበላ ደግሞ ሐምሌ ሳይጠባ ያልቃል። በክረምት የሚታየው ረኀብ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በመፀው ወራት፥ ጥጋብ በሚመስልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሹምም፥ መሬት ያለው ሰውም የምጣድንና የጎተራን ነገር የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ሊንቀው አይገባውም።

1ኛ፤ ስለ ወራቱ ጠባይ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መፀው የሚባለው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት ነው። ይህ ወራት ሲገባ ማሳው ሞልቶ ጎተራው ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። በደጋ አገር ገብስ አስቀድሞ ይደርሳል፤ ባቄላና አተር ይከተሉታል፤ ስንዴና ጤፍ ግን በብዙ ስፍራ እስከ ኅዳርና እስከ ታኅሣሥ ድረስ አይታጨዱም። በዚህ መካከል ቤቱን ደግፈው የሚያቆዩት የበቆሎ እሸት፥ ድንች፥ ዱባና ጎመን ናቸው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮም ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በጾመኛው ቤት ቅቤና ወተት ይቀራል፤ በስፍራቸውም ሽሮ፥ ክክ፥ ጎመን፥ ተልባና ኑግ ይተካሉ።

እንግዲህ በዚህ ወራት የቤት እመቤት ሁለት ሥራ አለባት። አንደኛው እህሉ እስኪደርስ የተገኘውን አብስላ ቤተ ሰቡን ማቆየት ነው፤ ሁለተኛው የደረሰውን እህል ሳይበላሽና ሳይባክን ከምጣድ ማድረስ ነው።

2ኛ፤ ስለ እሸት፥ ስለ ድንችና ስለ ዱባ

የገብስ እሸት ተጠብሶ፥ የባቄላና የአተር እሸት ተቀቅሎ ይበላል። የበቆሎ እሸት በፍም ላይ ይጠበሳል፤ ፍሬው ጠንከር ማለት የጀመረው ግን ለዳቦ ይሆናል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ፍሬው ከቆረቆንዳው ተፈልፍሎ በሙቀጫ ይደቅቃል፤ ጨው ይጨመርበታል፤ በራሱ ልባስ ወይም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይቀመጥና ተከድኖ በለዘብተኛ እሳት ይበስላል። እሸቱ የራሱ ርጥበት ስላለው ሌላ ውኃ ብዙ አይፈልግም።

ነገር ግን እሸት ማለት ነገ የሚከተተው እህል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በጥቅምት ከየማሳው እየተቀጠፈ ያለ ልክ የሚበላ እሸት በነሐሴ የሚፈለገውን ጎተራ ያጎድላል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ለእሸት የሚሆነውን አንድ ጥግ አስቀድሞ ለይቶ ይዘራል፤ የቀረው እስኪደርቅ ድረስ አይነካም።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓመት ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እጅ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ በደጋ አገር እህል በሚያጥርበት ጊዜ የብዙ ቤት መተማመኛ ሆኗል። ድንች ከጨለማና ከቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥ አለበት። ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ በውስጡም ቢቀቀል የማይጠፋ መራራ መርዝ ያበጃል። ስለዚህ አረንጓዴውን ክፍል በጥልቀት ቆርጦ መጣል፥ እጅግ አረንጓዴ የሆነውንም ጨርሶ አለመብላት ይገባል። ዱባ ደግሞ ልጡ ሲጠነክር ከነእጀታው ተቆርጦ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ በጾም ጊዜም መልካም ወጥ ይሆናል።

3ኛ፤ አዲሱን እህል ስለ ማድረቅና ስለ ማጥራት

አዲስ እህል የደረቀ ቢመስልም በውስጡ ውኃ አለበት። በጎተራ በደኅና የሚቆይ እህል በ100 እጅ ከ13 እጅ የሚበልጥ ርጥበት ሊኖረው አይገባም። መለኪያ የሌለው ሰው በጥርሱ ይፈትነዋል፤ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከለመጠ ግን ገና ነውና በሰሌን ወይም በጅባ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሊመታው ያስፈልጋል። ከተከተተ በኋላም እጅን ወደ ውስጥ አግብቶ መፈተን መልካም ነው፤ እህሉ ቢሞቅ ወይም ቢሸት አውጥቶ እንደ ገና ማስጣት ይገባል። ነቀዝም ሻጋታም የሚወዱት ርጥብ እህልን ነው። በሻገተ በቆሎና በሻገተ ኦቾሎኒ ላይ የሚበጀው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቀቀልና በመጋገርም አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተን እህል ለጠላ ወይም ለከብት ይሆናል ብሎ ማስቀረት ጉዳቱን ወደ ሌላ ማሻገር ብቻ ነው።

ከማድረቅ ቀጥሎ ማጥራት ይመጣል። በእህል መካከል ተደባልቀው ሰውን የሚጎዱ በተለይ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው እንክርዳድ ነው። ከስንዴ ጋር አብሮ በቅሎ ስንዴን የሚመስል፥ በወንጌልም ምሳሌ የታወቀ አረም ነው። ፍሬው ከዱቄት ጋር ሲፈጭ የበላውን ሰው ያዞረዋል፥ ያስታውከዋል፥ እንደ ሰካራምም ያንገዳግደዋል።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። በሲናር፥ በገብስና በሌላም እህል ራስ ላይ በፍሬው ስፍራ እንደ ጥቁር ጥፍር ሆኖ የሚወጣ ሻጋታ አለ፤ በውጭ አገር ቋንቋ ኤርጎት ይባላል። ይህ ነገር የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ አብዝቶ የበላው ሰው እግሩና እጁ ደም አጥቶ ይጠቁራል፥ ይደርቃል፥ እስከ መቆረጥም ይደርሳል። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ይህን የመሰለ ደዌ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ምክንያቱም ከእህሉ ጋር የተቀላቀለው ሲናር ይህን ሻጋታ የያዘ መሆኑ ነበር። የምጣድ እሳት መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። መድኃኒቱ እህሉን በሰፌድ ማበጠር፥ ጥቁሩንም በእጅ መልቀም ነው። ለዘር የሚሆነውን በ5 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ጨው በጥብጦ ቢጨምሩበት ጥቁሩ ከላይ ይንሳፈፋል፥ መልካሙ ዘር ይዘቅጣል፤ ከዚያ በኋላ ዘሩ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይደርቃል።

ስለ ጓያም በዚሁ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጓያ ክረምቱ ሲያበቃ በመረሬ መሬት የሚዘራ፥ ድርቅ የሚችል እህል ስለ ሆነ በክፉ ዘመን ድኻው የሚጠጋበት ነው። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ በ1969 ዓ.ም. ግድም በደምቢያና በፎገራ ብዙ ወጣት በዚህ ምክንያት ምርኩዝ ይዟል። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት ጓያን በቆሎ፥ በንፍሮና በጥሬው እሸት መብላት አደጋውን ያበዛዋል፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሌላ ያጣ ሰው ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ይድፋ፤ ከገብስ፥ ከማሽላ ወይም ከጤፍ ጋርም ይደባልቀው፤ ብቻውን የዕለት ምግቡ አያድርገው።

4ኛ፤ ስለ እንጀራ

እንጀራ የሚያምረው በእርሾው ነው። እርሾ ማለት ከቦካው ሊጥ ላይ የሚጠልለው ቢጫ ውኃ ሲሆን ሊጡን የሚያነሡ ረቂቃን ሕዋሳት በውስጡ ይኖራሉ። ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ፥ በቡሃቃ በውኃና በእርሾ ታሽቶ፥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ከላዩ የጠለለው ውኃ ይቀዳል፤ ከሊጡም ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ እንደ ገንፎ ተበስሎ አብሲት ይሆናል፤ አብሲቱም ቀዝቀዝ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ሊጡ ተነሥቶ ሲነፋ ለመጋገር ደርሷል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለ ሆነ ሊጥ በቶሎ አይቦካም። ብዙ ሴቶች በዚህ ጊዜ ሳይቦካ ይጋግሩና እንጀራው ዐይን አጥቶ አፍለኛ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ቡሃቃውን ከምድጃ አጠገብ ማስጠጋት፥ በጨርቅ መሸፈን፥ እርሾውንም ጨመር ማድረግ ይገባል። ማቡካት ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ታስሮ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ፈትቶ ለሰውነት እንዲስማማ ያደርገዋልና፥ ይልቁንም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ይጠቅማል።

ጤፍ ገና ባልደረሰበት ወይም ዋጋው በተወደደበት ጊዜ ግማሹን የገብስ ወይም የማሽላ ዱቄት አድርጎ መጋገር ነውር የለበትም። የገብስ እንጀራ በቶሎ ስለሚደርቅ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ መጋገር ይሻላል።

ስለ ማገዶም ሊታሰብ ይገባል። በሦስት ጉልቻ ላይ በግልጥ የሚነድ እሳት አብዛኛውን ሙቀት ለነፋስ ይሰጣል። ምጣዱ ዙሪያው በጭቃ ወይም በሲሚንቶ በተከለለ ምድጃ ላይ ቢጣድ ማገዶው እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ የጋጋሪዋም ዐይን ከጢስ ይድናል። ለማገዶ የሚነደው ኩበት ለእርሻው ፍግ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ቍጠባ አይንቀውም።

5ኛ፤ ስለ ዳቦ

ስንዴ ሊጡን እንደ ጅማት የሚይዝ ነገር በውስጡ ስላለው ሲቦካ ይነፋል፤ ጤፍ፥ ማሽላና በቆሎ ይህ ነገር የላቸውም። ስለዚህ ለድፎ ዳቦ ከሚገባው ዱቄት የሚበዛው ስንዴ መሆን አለበት። ስንዴውን ለማበርከት ግን ድንች ይረዳል። አደራረጉም ይህ ነው።

አንድ ኪሎ ተኩል የስንዴ ዱቄት ይወሰዳል፤ ግማሽ ኪሎ ድንች ተቀቅሎ፥ ተልጦ፥ ጓል ሳይቀር ይደቅቃል። ዱቄቱና ድንቹ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፥ ከጥቂት ጥቁር አዝሙድና ከእርሾ ጋር ይደባለቃሉ። ድንቹ የራሱ ውኃ ስላለው ውኃው ከግማሽ ሊትር ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ሊጡ ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ በደንብ ይታሻል፤ ተሸፍኖም እጥፍ እስኪሆን ድረስ ይቆያል፤ በብርድ ወራት ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል። ከዚያ ምጣዱ ላይ የታጠበ ኮባ ተነጥፎ ሊጡ ይደፋበታል፤ ከላዩም ኮባ ይለብሳል። ከታችም ከላይም መካከለኛ እሳት ተደርጎለት አንድ ሰዓት ያህል ይጋገራል። ተገልብጦ ታቹ በጣት ሲመታ ባዶ ነገር የተመታ ያህል ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ድንች የገባበት ዳቦ ለስላሳ ነው፤ በቶሎም አይደርቅም።

6ኛ፤ ስለ መመጠን፥ ከሹማምንትም ስለሚፈለገው

ከጥር እስከ መስከረም መጨረሻ 9 ወርና ጳጉሜን አለ። እህሉ ሲገባ ዘሩ አስቀድሞ ይለይ፤ ለሽያጭ የሚሆነውም ይታወቅ። ለምግብ የተለየው በ10 ይከፈልና 9ኙ ለ9ኙ ወር፥ 10ኛው ለጳጉሜን፥ ለበዓልና ለእንግዳ ይሁን። ይህን ያደረገ ቤት በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በሐምሌ በውድ ለመግዛት አይገደድም።

የቤት እመቤት ሙያዋን ብታውቅም ብቻዋን የማትችለው ነገር አለ። ስለዚህ የየስፍራው ሹምና መሬት ያለው ሰው የሚከተለውን ቢፈጽም ሕዝቡን ይጠቅማል።

ሀ) ዕዳና መዋጮ የሚሰበስብ ሁሉ እህሉ እስኪደርቅ እንዲታገሥ ማድረግ። ባለዕዳው አውድማ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ገበሬው ርጥቡን ይወቃል፥ በወደቀ ዋጋም ይሸጣል።

ለ) ወፍጮ ባለበት ስፍራ ሁሉ የሚበጠርበትና የሚለቀምበት ንጹሕ መደብ እንዲኖር፥ ሳይጠራም የሚፈጭ እህል እንዳይኖር መምከር።

ሐ) ጥቁር ጥፍር የታየበት እህል በተገኘ ጊዜ፥ ወይም እግሩ የጠቆረና የሰነፈ ሰው በተሰማ ጊዜ፥ ሳይውል ሳያድር ለጤና ሠራተኞች ማስታወቅ።

መ) በሙያቸው የታወቁ ባልቴቶች ለወጣቶቹ የቤት እመቤቶች የማቡካትን፥ የማጥራትንና የምድጃ አሠራርን ሥራ በተግባር እንዲያሳዩ ማድረግ፤ ከንግግር ይልቅ አንድ ቀን አብሮ መጋገር ያስተምራልና።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ሰፌድ፥ ፀሐይና ትዕግሥት ብቻ ይበቁታል። በመፀው መጥኖ የደቆሰ ቤት በክረምት ድስት ጥዶ አያለቅስም፤ እንዲህ ያሉ ቤቶች የበዙለትም አገረ ገዥ ነሐሴ ሲገባ የእህል ርዳታ ለመለመን ወደ ሌላ አይመለከትም።