ልጅ ምን ሐሳብ አለበት?



«ልጅ ምን ሐሳብ አለበት?» የሚለው አነጋገር በየቤታችን የተለመደ ነው። በልቶ የጠገበና የለበሰ ልጅ አይጨነቅም ብለን እናምናለን። ጥናቶች ግን ይህን እምነታችንን የሚያፈርሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና ከ9 ሺህ በላይ አሜሪካውያን አዋቂዎች የተጠየቁበት ጥናት፣ በሰው ሕይወት ከሚከሰቱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚጀምሩ አመልክቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። በጁምዓ ከኋላችን የሚሰለፉትን ልጆች ሰባት ሰባት አድርጎ መቁጠር ነው እንግዲህ።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። በ322 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ934) የሞተው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው ኪታብ ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ አስተምሯል። ሐዘንንም ምክንያቱ የሚታወቅና የማይታወቅ ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። ጉዳዩ የቆየ የራሳችን ዕውቀት ነው፤ የረሳነው እኛ ነን።

የጂንን መኖር ቁርአን ስለነገረን አንጠራጠርም፤ ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣውን፣ ትምህርት የጠላውን፣ ከጓደኞቹ የተለየውን ልጅ ሁሉ «ጂን ይዞታል» ብሎ ማሰርና መግረፍ ከየትኛው ሱና የመጣ ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል። ሸኹ ቁርአኑን ይቅሩበት፣ ሐኪሙም ይመርምረው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል «ሰው ምን ይለኛል» እያልን ዓመታት እናባክናለን። በ14 ዓመቱ ድብርት የጀመረው ልጅ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ሃያ ሲሞላው ከሆነ፣ በመካከሉ ትምህርቱም ጓደኞቹም አምልጠውታል። ከዚያ የከፋም አለ፤ ራስን ማጥፋት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞተችበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝኖ ሲያዩት ስለ ወፏ ጠየቁት። የኡማው ጉዳይ ሁሉ በትከሻቸው ላይ ነበር፤ ሆኖም የአንድን ሕፃን ሐዘን አልናቁም። እኛ ማታ ወደ ቤት ስንገባ የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ? ስንት ጁዝ ሐፈዝክ?» ብቻ ነው።

ስለ አለንጋም አንድ ነገር ልበል። በካሊፎርኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ በልጅነታቸው ድብደባና ስድብ የበዛባቸው፣ በቤታቸውም እናት ስትመታ ያዩ ሰዎች ካደጉ በኋላ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ልጁን ቁርአን ላስቀራ ብሎ የሚገርፍ ኡስታዝ ይህን ቢያውቀው ደግ ነው፤ ልጁ አለንጋውንና ኪታቡን አንድ ላይ እንዲጠላ የሚያደርግበት ጊዜም አለና።

ለመስጊድ ኮሚቴዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየመስጊዱ የሚሰግዱ ሙስሊም ሐኪሞች ስላሉ፣ በወር አንድ እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ወላጆችንና የመድረሳ ኡስታዞችን ሰብስበው የድብርትን ምልክቶች ያስረዱ። ለእናቶችም በሴቶች መስገጃ በኩል ድምፅ ማጉያ ይዘርጋላቸው፤ የልጁን ለውጥ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸውና።