ገዳዩን አትንገሪኝ

ልጄ፣ ባለፈው ስትደውዪ «ገዳዩን ገና ግማሹ ላይ ሳልደርስ አወቅሁት፤ መጽሐፉ አይረባም» ብለሽ ዘጋሽው። ስልክ ላይ መከራከር አልወድም፤ ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ያዢልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ።

1. ገዳዩን ቀድመሽ ማወቅሽ ለመጽሐፉ ነውር አይደለም። ከወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ ርካሹ ነገር ምስጢሩ ራሱ ነው። «የገደለው ዘበኛው ነው» ለማለት ምን ጥበብ ያስፈልጋል? ጥበብ የሚጠይቀው ዘበኛውን በየገጹ በር እያስከፈቱ አንቺ እንዳታዪው ማድረጉ ነው። የአጋታ ክሪስቲን «ዘ መርደር ኦፍ ሮጀር አክሮይድ» አንዴ ጨርሰሽ፣ ከወር በኋላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪው። በ1926 ሲወጣ «አታለለችን» ብለው የጮኹባት አንባቢዎች ነበሩ። እኔ ግን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ ከፊታችን ያልተቀመጠ ፍንጭ አጥቼበታለሁ። ሴትዮዋ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሠርታለች፤ መርዝ በስንት ጠብታ እንደሚገድል የምታውቀውን ያህል፣ አንድ ፍንጭ በስንት ተራ ወሬ መሃል እንደሚሸሸግም ታውቃለች።

2. ደራሲው ካጭበረበረሽ ግን አትማሪው። በመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ብቅ የሚል መንታ ወንድም፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ መርዝ፣ ከሰማይ የወረደ ኑዛዜ፤ ይህ ሌብነት ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ አሥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ሰውየው የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ሆኖም ከሕጎቹ አንዱ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ወደ ታሪኩ እንዳይገባ ይከለክላል። ደስ ይለኛል።

3. ልብ አንጠልጣይ የሚባለውን ስታነቢ «ምን ይሆን?» እያልሽ ብቻ አትሩጪ። የፍሬድሪክ ፎርሳይት «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» በ1971 ታተመ። ታሪኩ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነው። ደ ጎል ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በገዛ ቤታቸው አርፈዋል፤ ዓለም ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አንባቢው ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ ጥይቱ እንደማያገኛቸው ገብቶታል። ታዲያ ለምን መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተናል?

መልሱ የመቃብር ቦታው ላይ ነው። ነፍሰ ገዳዩ ወደ አንድ የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ይሄድና የመቃብር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያነባል። የሚፈልገው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የእሱ እኩያ ይሆን የነበረ፣ ግን በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ነው። ስሙን ይይዛል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ግልባጭ ከፍሎ ያወጣል፤ በዚያ ስም ፓስፖርት ይጠይቃል። ፓስፖርቱም ይሰጠዋል፤ ሐሰተኛ ሳይሆን እውነተኛ ፓስፖርት! ጩኸት የለም፣ ሩጫ የለም፤ ወረፋ፣ ቅጽና ማኅተም ብቻ። እኔ ግን ላብ ያጠመቀኝ እዚያ ነው። ፎርሳይት ቀደም ሲል ለሮይተርስ ፓሪስ ላይ ዘጋቢ ነበርና የቢሮን አሠራር እንደ ዜና ይጽፈዋል። የአንባቢን ልብ የሚያንጠለጥለው «እንዴት?» ነው።

4. ስለ ሙት መንፈስ ታሪኮች ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ አንቺ የናቅሻቸው እነሱን ነውና። እኛ ዘንድ መንፈስ ጠበል ሲረጩት ይለፈልፋል፤ ስሙን ይናገራል፣ የት እንደያዘ ይናዘዛል፣ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ይወጣል። ልክ መርማሪ ፊት እንደቆመ ወንጀለኛ። ጥሩ የሙት መንፈስ ልብ ወለድ ግን ኑዛዜውን ይነፍግሻል። ሄንሪ ጄምስ በ1898 ባሳተመው «ዘ ተርን ኦፍ ዘ ስክሩ» ውስጥ ሁለት ልጆች የምታሳድገው ሞግዚት የሞቱ ሰዎች ይታዩኛል ትላለች። በእርግጥ መናፍስት ናቸው ወይስ የራሷ ጭንቀት የወለዳቸው? ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። አንቺ «መጨረሻው ግልጽ አይደለም» ብለሽ የጣልሽው ይህንኑ ነው አይደል?

ሸርሊ ጃክሰንን ደግሞ ተመልከቺ፤ «ዘ ሆንቲንግ ኦፍ ሂል ሐውስ»፣ 1959። ባለታሪኳ ኤሌኖር በጨለማ ተኝታ ከወዲያ ክፍል የሕፃን ለቅሶ ትሰማለች። ፈርታ የጓደኛዋን እጅ ትይዛለች፤ አጥንቱ እስኪሰማት ትጨብጠዋለች። ጮኻ መብራት ሲበራ ጓደኛዋ ከክፍሉ ማዶ፣ በራሷ አልጋ ላይ ናት። ታዲያ የማንን እጅ ነበር የያዘችው? ጃክሰን መልስ ሳትሰጥ ታልፋለች። እንኳን አልሰጠች!

5. ደም ማብዛት የስንፍና ምልክት ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

6. የአገርሽንም አትርሺ። የእኔ ዘመን አንባቢ የስለላን ዓለም ያወቀው በአብዛኛው ማሞ ውድነህ በተረጎሟቸው መጻሕፍት ነው፤ ለወረቀታቸው መሳሳት ሳንጨነቅ ተዋሰን አነበብናቸው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ ጣና ሐይቅን ከስለላ ጋር አጋብቶ ወጣቱን ሁሉ አንባቢ አድርጎታል። ለእኔ ሩጫው በዝቶብኛል፤ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ቦታ ያንሰዋል። ቢሆንም መጽሐፍ ነክተው የማያውቁ ልጆች ታክሲ ውስጥ ይዘውት አይቻለሁና አፌን እዘጋለሁ።

7. ምስጢሩ ርካሽ ነው አልኩ እንጂ ከሌላው ላይ ንጠቂው አላልኩም። ሁለተኛው ንባብ የሚጣፍጠው በመጀመሪያው የተታለለ ሰው ብቻ ነው። የክሪስቲ «ዘ ማውስትራፕ» የተባለ ቴአትር ለንደን ላይ ከ1952 ጀምሮ ይታያል፤ የተቋረጠው ኮሮና በመጣ ጊዜ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ተመልካቹ ገዳዩን ለማንም እንዳይናገር ይለመናል። ታናሽ ወንድምሽ አክሮይድን ከእኔ ወስዶ ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው፤ እራት ላይ አፍሽን ያዢልኝ።