መንገድ የሕንፃ ቦታ ሲሆን፦ በመሐል ከተማ መልሶ ማልማት የውስጥ መንገዶች ሕጋዊ ዕጣ

መግቢያ

ስለ ከተማ መልሶ ማልማት የሚካሄዱ ጥናቶች በአመዛኙ የሚያተኩሩት በፈረሰው ቤትና በተነሣው ነዋሪ ላይ ነው። በቤቶቹ መካከል ያልፍ የነበረው መንገድ ግን አብሮ ይጠፋል፤ መጥፋቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ እምብዛም አይመረመርም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ለሁሉም ክፍት የነበረ መንገድ የመኖሪያ ሕንፃ ቦታ የሚሆነው በየትኛው ሕጋዊ ውሳኔ ነው? የሚል ነው።

የሕጉ መነሻ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1446 መንገዶችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ጋር ይቆጥራል። አንቀጽ 1454 ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት ከምድቡ መውጣቱ ካልተገለጸ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ መንገድን ለግንባታ ከመስጠት በፊት መንገድነቱ ማብቃቱ በውሳኔ መታወቅ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ድንጋጌው ውሳኔውን የሚሰጠው ማን እንደሆነም ሆነ የመንገዱ ተጠቃሚ እንዴት እንደሚደመጥ አይዘረዝርም።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት ካደረገ በኋላ ይህ ጥበቃ ይበልጥ ደበዘዘ። መንገዱም ሆነ ቤቱ ያረፈበት ቦታ ባለቤታቸው አንድ በመሆኑ፣ የአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ የአስተዳደር ሥራ ብቻ መሰለ። ዛሬ ለውጡ የሚፈጸመው በፕላን ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ አስቀምጧል፤ የአንድ ሰፈር የውስጥ መንገድ የሚሰመረውም ሆነ የሚሰረዘው በሁለተኛው ነው። መንገዱ በአዲሱ ፕላን ላይ ካልታየ፣ ያለ ሌላ መግለጫ እንዳበቃለት ይቆጠራል።

ካሳ የሌለው ኪሳራ

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳንና የልማት ተነሺ ድጋፍን ያያያዘው ከይዞታና ከንብረት ጋር ነው። መንገድ ባለይዞታ የለውም፤ ስለሆነም በመዘጋቱ የሚጎዳ ሰው በሕጉ ፊት ተነሺ አይደለም። በመንገዱ ዳር ጉልት ዘርግታ የምትሸጥ እናት፣ በአቋራጩ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ የአጎራባች ሰፈር ልጅ፣ ድንኳኑን እዚያው የሚተክል ዕድር፣ ሁሉም የመንገዱ ተጠቃሚዎች ቢሆኑም ቅሬታቸው መግቢያ በር የለውም።

የአዲስ አበባው የልደታ መልሶ ማልማት ለዚህ ማሳያ ይሆናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀበሌ ቤቶች ተነሥተው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲተኩ፣ ለተከራዮች የቀረበው ምርጫ ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት ነበር። ምርጫው ስለ ቤት እንጂ ስለ መንገድ አልነበረም። በጠባብ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ግን መንገዱ የቤቱ ተቀጥላ ነው፤ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚስተናገድበት ስፍራ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ከእነዚህ አገልግሎቶች የተወሰኑት ወደ ጋራ መገልገያዎች ተዛውረዋል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያ የሕንፃው ቤት ባለቤቶች ንብረት ነው። በመንገዱ ላይ እኩል መብት የነበረው የውጭ ሰው በግቢው ውስጥ እንግዳ ይሆናል።

ተቃራኒው ሙግትና ገደቡ

ለመልሶ ማልማት የሚቀርበው ሙግት ቀላል አይደለም። በብዙ የቆዩ ሰፈሮች ውስጥ መንገዱ ለእሳት አደጋ መኪናም ሆነ ለአምቡላንስ አይበቃም። ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. የሚያገለግለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላንም ለመንገድ 30 በመቶ፣ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ 30 በመቶ፣ ለግንባታ 40 በመቶ የሚል ድልድል ይዟል። በዚህ ስሌት ከተማው መንገድ እየጨመረ እንጂ እየለቀቀ አይደለም ሊባል ይችላል። ነገር ግን ስፋት መተላለፊያነትን አይተካም። አንድ ሰፊ አውራ መንገድ የብዙ ጠባብ መንገዶችን ያህል ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ በእግር የሚሄደው ሰው ግን ያጣውን አቋራጭ አይመልስለትም። በመቶኛ የተሟላ ፕላን በእግር ሲለካ የጎደለ ሊሆን ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ስለነበሩ ከፈረንሳይ ሕግ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ አገር የማዘጋጃ ቤት መንገድ ከሕዝብ አገልግሎት የሚወጣው በምክር ቤቱ ውሳኔ ነው፤ መተላለፊያነቱ የሚነካ ከሆነም አስቀድሞ ሕዝቡ አስተያየቱን የሚሰጥበት ምርመራ ይካሄዳል። አንቀጽ 1454 በዝምታ ያለፈውን ሥርዓት የፈረንሳይ ሕግ ዘርዝሮታል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ደብረ ታቦርም ሆነች የደራ ወረዳ መቀመጫ አንበሳሜ የሚተዳደሩት በእነዚሁ አዋጆች ነው። መሐላቸው በሕንፃ ገና ላልተጨናነቀ ከተሞች የሥርዓቱን ክፍተት አሁን መሙላት ከፈረሰ በኋላ ከመካስ ይቀላል። ለዚህም ሦስት እርምጃዎች ይበቃሉ፦ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚያጠፋቸውን መንገዶች ለይቶ እንዲዘረዝር፤ እያንዳንዱ መዘጋት በምክር ቤት በተለየ ውሳኔ እንዲጸድቅ፤ ከውሳኔው በፊትም ባለይዞታ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ የሚጠቀም ሁሉ እንዲደመጥ። እነዚህ መንገድን ለቤት መስጠትን አይከለክሉም፤ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ታውቆ እንዲሰጥ ያደርጋሉ።