አንታርክቲካ የማን ናት?

አንድ ወዳጄ «የደቡብ ዋልታው በረዶ ባለቤቱ ማነው?» ሲል ጠየቀኝ። ባለቤት ነን ባዮቹ ሰባት ናቸው፤ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ፣ ቺሊ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድ፣ ኖርዌይና እንግሊዝ። እንዲያውም አርጀንቲና፣ ቺሊና እንግሊዝ ይገባናል የሚሉት መሬት ይደራረባል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሽንግተን ላይ 12 አገሮች የፈረሙት ውል ክርክሩን አልዳኘውም፤ ባለበት አቆመው እንጂ። አንቀጽ 4 የቀድሞውን ጥያቄ አያጸድቅም፣ አይሽርምም፤ አዲስ ጥያቄ ማንሳትን ግን ይከለክላል። በእኔ ግምት ሰላሙን ያቆየው ይኸው አለመፍረዱ ነው።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ውሉን ማንኛውም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል መቀበል ይችላል፤ በውሳኔ ድምፅ ያላቸው ግን 29 አገሮች ብቻ ናቸው። ከመሥራቾቹ ውጭ ያለ አገር ድምፅ የሚያገኘው እዚያ የምርምር ጣቢያ እንደ መትከል ያለ ከባድ ሥራ ሲያሳይ ነው። ድሃ አገር ይህን በምን አቅሙ ይችላል? ማሌዢያ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን የጥቂቶች ክበብ በመቃወም ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤው አቀረበች። ያኔ ከአፍሪካ ባለ ድምፅ የነበረችው የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች! ማሌዢያም በ2011 ውሉን ተቀበለች፤ ድምፅ ግን አላገኘችም።

የማዕድን ቁፋሮን ያገደው የ1991ዱ የማድሪድ ፕሮቶኮል በ2048 ያበቃል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እንደገና ይታይ ብሎ ጉባኤ ማስጠራት ይቻላል። ማስጠራት የሚችሉትም እነዚያው ባለ ድምፆች ናቸው።