አእምሮው ዘግይቶ የሚያድግ ሰው በመንደሩ መካከል ሥራ ስለሚማርበት አኳኋን

በየመንደሩ እኩዮቹ ፊደል ቈጥረው ወደ ንባብ ሲያልፉ እርሱ ገና ስሙን ለመጥራት የሚቸገር፣ ማስተዋሉ ከዕድሜው ወደ ኋላ የቀረ ልጅ አይታጣም። አንዳንዱ መናገር ይሳነዋል፤ አንዳንዱም ይናገራል፣ ዳሩ ግን የሰውን ዐይን ማየትና ከሰው ጋራ መጨዋወት ይከብደዋል። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ሰው ጅል፣ ቂል፣ ነፈዝ እያለ ሲጠራው ኖሯል፤ ዛሬም ይህን ስም ያልተወ ብዙ ነው። ሐኪሞችና መምህራን ግን የዕድገት እክል ይሉታል፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም የተባሉት በዚህ ስም ውስጥ ይገባሉ። ነገሩም ከእብደት የተለየ ነው። እብደት በጤናው የኖረውን ሰው በኋላ የሚያገኘው ደዌ ሲሆን፣ ይህ ግን ከልደት ወይም ከሕፃንነት ጀምሮ ከሰውዬው ጋራ አብሮ የሚያድግ ነው።

መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ይህን ስታነቡ የምታውቁት አንድ ልጅ በዐይነ ልቡናችሁ ሳይመጣ አይቀርም። ስለ እርሱ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ እናትና አባቱ ባለፉ ጊዜ በምን ይኖራል? የሚል ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ነገሩን እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት አድርገው ያፍሩበታል። ነገር ግን ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ ታውቀዋል። ሕፃኑ ሲወለድ ትንፋሽ አጥሮት ሊሆን ይችላል፤ የማጅራት ገትር ሕመም አእምሮውን ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን ያለበት ጨው አጥታ ሊሆን ይችላል፤ ዳውን ሲንድረም የሚባለውም በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ አንድ ትርፍ ክሮሞሶም በመገኘቱ የሚመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእናት በደል የሚባል ነገር የለም። ወደ ጠበል የሚሄደውን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ልጁ የሚጥል በሽታ ኖሮበት ሐኪም መድኃኒት አዞለት እንደ ሆነ፣ ያለ ሐኪም ቃል መድኃኒቱን ማቋረጥ ለሕይወቱ የሚያሠጋ መሆኑን ለወላጆቹ ንገሯቸው።

ሀብታሞቹ አገሮች በዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ጥበበኞች ነበሩ ብለን እንዳንሳሳት የአሜሪካን ታሪክ መመልከት ይበቃል። (የውጭ አገር ታሪክ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ተጽፏል።) በኒው ዮርክ ከተማ በስታተን ደሴት ላይ ዊሎብሩክ የሚባል የመንግሥት ቤት ነበረ፤ ስሙ ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ትምህርት የሚያገኘው ጥቂት ነበረ። ለ4,000 ሰው በተሠራው ቤት በ1965 ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች ታጉረውበት ነበር። በ1972 አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ወደ ውስጥ ገብቶ ራቁታቸውን በወለል ላይ የተኰራመቱትን ልጆች ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ወላጆችም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ቤቱ ፈጽሞ የተዘጋው ግን በ1987 ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት አልተለመደም። ዳሩ ግን እንግዳ በመጣ ጊዜ ልጅ የሚሸሸግበት ጓዳ፣ እናት ወደ ገበያ ስትወርድ ልጅ የሚታሰርበት ምሰሶ የዚያ ቤት ታናሽ ወንድም ነው። እናቲቱ ይህን የምታደርገው ከጭካኔ የተነሣ ሳይሆን የሚጠብቅላት ጎረቤት ስለ አጣች ነው፤ ስለዚህ ወቀሳው ወደ እርስዋ ብቻ አይሂድ።

በዚያው ዘመን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ጎልድ የሚባል መምህር ነበረ። እርሱም እነዚህ ሰዎች ሥራ አይማሩም የሚለውን ወሬ ለመፈተን የብስክሌት ፍሬን መረጠ። ፍሬኑ 15 ክፍሎችን በመገጣጠም የሚሠራ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢገለበጥ ወይም ተራውን ቢስት አይሆንም፤ ማናችንም ብንሆን ሳናየው ከመሬት ተነሥተን አንገጥመውም። ጎልድ በ1972 ባሳተመው ጥናት በአእምሮ ዕድገታቸው እጅግ የዘገዩ 64 ሰዎች ይህን ሥራ እንዲማሩ አደረገ። ሥራውን በጥቃቅን ከፋፍሎ ክፍሎቹን በተራቸው ደረደራቸው፤ ለአንዳንዶቹ ተማሪዎችም የየክፍሉን አንድ ፊት ቀለም ቀባላቸው። ቀለሙ ወደ ላይ ከታየ ክፍሉ በትክክል ተቀምጧል ማለት ነው። እነርሱም ተምረው ከዚያ 24 ክፍሎች ወዳሉት ወደ ሌላ ፍሬን ተሻገሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲፈተኑም ትምህርቱ ያልጠፋባቸው ሆኖ ተገኘ።

ጎልድ ሲያስተምር ብዙ አይናገርም ነበር። ተማሪው ሲሳሳት አይቈጣም፤ በሌላ መንገድ ሞክር ይለዋል እንጂ። ልክ ሲሠራም ዝም ይላል፤ ዝምታው ቀጥል ማለት እንደ ሆነ ተማሪው ያውቃልና። ተማሪው ያልተማረ እንደ ሆነ መንገዱን ገና ያላገኘው መምህሩ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህ ነገር ለእኛ ለመምህራን ሳይመርር አይቀርም፤ እኔ ግን ባሰብሁት ቍጥር እውነት ሆኖ አገኘዋለሁ።

የቤተ ክህነቱን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም። ሕፃን በአንድ ቀን ዳዊት ድገም አይባልም። አስቀድሞ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ በቍጥር ንባብ ቃሉን ፊደል በፊደል ይለያል፤ ከዚያም ግዕዝ፣ ውርድ እያለ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። ታላቁም ተማሪ ከታናሹ አጠገብ ተቀምጦ ያስቀጽለዋል። ጎልድ ያደረገው ይህን የመሰለውን ወደ እጅ ሥራ ማምጣት ነው፤ ልዩነቱ እርምጃውን ከእኛ ይልቅ እጅግ ማሳጠሩ ነው፤ አለንጋም የለበትም።

ሥራ መቻላቸው ከታወቀ በኋላ የት ይሥሩ? የሚለው ጥያቄ መጣ። የቀድሞው ልማድ እነዚህን ሰዎች ለብቻቸው በተለየ የሥራ ቤት ሰብስቦ፣ ለወደፊቱ ሥራ እናዘጋጃቸዋለን ማለት ነበር። ዝግጅቱ ግን አያልቅም፤ ብዙዎች ሲዘጋጁ አረጁ። በ1938 የወጣው የሥራ ሕግም ለእነርሱ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈልን ፈቅዶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ከልክለዋል። በ1984 በወጣው የዕድገት እክል ሕግና በ1986 በተሻሻለው የተሐድሶ ሕግ ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ስሙም ድጋፍ ያለው ሥራ ይባላል። በዚህ መንገድ የቀድሞው ተራ ተገለበጠ። ሰውዬው አስቀድሞ ደመወዝ ወዳለው እውነተኛ ሥራ ይገባል፤ ትምህርቱንም እዚያው በሥራው ቦታ ያገኛል። የሥራ አሠልጣኝ የሚባል ረዳት ይመደብለታል። እርሱም ሰውዬው የሚወደውንና የሚጠላውን ይመረምራል፤ ሥራውን ራሱ ሠርቶ ያውቀዋል፤ ከዚያም ከሰውዬው አጠገብ ቆሞ እያሳየ ያስተምረዋል። ሰውዬው እየቻለ በሄደ ቍጥር ረዳቱ ጥቂት ጥቂት ይርቃል፤ በመጨረሻም በየጊዜው ብቅ እያለ ይጠይቀዋል እንጂ አብሮት አይውልም።

ይህ ለአሠሪውም ይጠቅማል። በ1996 በሲንሲናቲ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ሴት፣ የዕቃ መደርደሪያ የሚሞሉት ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ እየለቀቁ ያስቸግሯት ነበር። እርስዋም የዕድገት እክል ያለባቸው ወጣቶች ይህን ሥራ ቢማሩ ምን ይሆናል? ብላ ጀመረች፤ ሥርዓቱም ፕሮጀክት ሰርች ተብሎ ወደ ብዙ ከተሞችና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ሌላው የሚሰለቸው፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ለእንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወደደው ሥራ ይሆናል። በየመንደራችሁ እንዲህ ያለ፣ ዘወትር ሳይሠራ የሚቀር ሥራ እንዳለ ተመልከቱ።

በአገራችንም ሕጉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዛል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 568/2000ም ስሙ የአካል ይበል እንጂ የአእምሮ ጉዳት ያለበትን ሰው ጭምር ያካትታል፤ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሥራውን እንዲሠራ ወይም ሥልጠናውን እንዲከታተል የሚረዳው ሰው መመደብንም ከአሠሪው ኃላፊነቶች አንዱ አድርጎታል። በአዲስ አበባ ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 በአውሮጳውያን አቈጣጠር አቋቁመዋል። ነገር ግን አዲስ አበባ ለብዙው ገጠር ሩቅ ናት፤ የሥራ አሠልጣኝ የሚባል ባለ ደመወዝም በወረዳው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ያን ሥራ መምህሩና ጎረቤቱ ተካፍለው መያዝ አለባቸው።

ለምሳሌ የችግኝ ጣቢያን ሥራ እንውሰድ። አፈር በፕላስቲክ ከረጢት መሙላት ቀላል ይመስላል። ለማያውቀው ልጅ ግን ብዙ ነገር ነው፤ ከረጢቱን ከክምሩ ለይቶ ማንሣት፣ የተጣበቀውን አፍ በጣት አሽቶ መክፈት፣ ክፍቱን እንደ ያዙ አፈር መጨመር፣ መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ማጠቅጠቅ፣ ከዚያም ሳይደፉ በመስመር ማቆም። መምህሩ አስቀድሞ ይህን ራሱ ሠርቶ እያንዳንዱን እርምጃ ይጻፍ። ልጁ የትኛው እርምጃ ላይ እንደሚሰናከል ያይና እዚያ ላይ መላ ይፈልግ። አፉን መክፈት ካቃተው ከረጢቱን ከፍቶ የሚይዝ የቀርከሃ ቁራጭ ይተከልለት። የአፈሩን ልክ መገመት ካቃተው ግምቱን ከእርሱ ላይ አንሡለት፤ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ከረጢቱን በልኩ የሚሞላ ጣሳ ስጡት። ዐሥር መቍጠር ካልቻለም ዐሥር ከረጢት ብቻ የሚይዝ ሣጥን ይሠራለት፤ ሣጥኑ ሲሞላ ዐሥር ሆነ። ከሁሉ የሚረዳው ደግሞ ከመጨረሻው እርምጃ መጀመር ነው። ሌላውን ሁሉ መምህሩ ሠርቶ የመጨረሻውን ብቻ ለልጁ ቢተውለት ልጁ በመጀመሪያው ቀን ሥራ የመፈጸምን ደስታ ያገኛል፤ በማግሥቱ ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ይጨመርለታል። መጀመሪያ እጁን ይዛችሁ፣ ኋላ በጣት እያመለከታችሁ፣ ከዚያም ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ አስተምሩት። ከሥራ ጓደኞቹም አንዱን ትዕግሥተኛ መርጣችሁ ለእርሱ አስረክቡት።

ሥራው ለሰውዬው የተስማማ ይሁን። ኦቲዝም ያለበት ብዙ ሰው ጩኸት ያስጨንቀዋል፤ እንዲህ ያለውን በወፍጮ ቤት ማስገባት ማሠቃየት ነው። ለአንዱ ግን የከብቶች ዝምታ ደስ ያሰኘዋል። ወላጆቹን ጠይቁ፤ ከእነርሱም ይልቅ ልጁ ምርጫ ሲሰጠው እጁ ወደ የትኛው እንደሚሄድ አስተውሉ።

ሽማግሌዎች ደግሞ የዋጋውን ነገር ጠብቁ። ከጧት እስከ ማታ የሰው ከብት ሲጠብቅ ውሎ እንጀራ ብቻ በልቶ የሚያድር ሰው በየአገሩ አለ፤ አሠሪውም ጽድቅ የሠራ ይመስለዋል። ለሠራ ሰው የሚገባው ደመወዝ ነው፤ ሌላው እረኛ የሚያገኘውን እርሱም ያግኝ፤ ገንዘቡም እናቱ ወይም የታመነ ዘመድ በሚያየው መዝገብ ይጻፍ። ሴት ልጅ የሆነች እንደ ሆነ ብቻዋን ወደ ሩቅ ሥራ አትላክ፤ ነገሩን መናገር የማትችለውን የሚደፍር ክፉ ሰው አለና። ደርሶባትም እንደ ሆነ በእርቅ አይሸፈን፤ ለሕግ ይቅረብ። በላይ የጠየቅነውን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ ሰውዬው ለአካለ መጠን ሲደርስ ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ በስሙ እድር ይግባ። ከእነርሱ በኋላ ተጠሪው ማን እንደ ሆነ፣ የመሬቱ ድርሻም ምን እንደ ሆነ በሽማግሌዎች ፊት ተጽፎ ይቀመጥ። ቀብር በተደረገ ማግሥት ዘመድ መሬቱን ይዞ ሰውዬውን በየደጁ የሚያዞርበት ጊዜ አለና።

መምህሩ ለእንዲህ ያለው ተማሪ አንድ ደብተር ይያዝለት። የትኛውን እርምጃ ብቻውን እንደሚሠራ፣ የትኛውን በምልክት፣ የትኛውንስ በእጅ ተይዞ እንደሚሠራ በየሳምንቱ ይጻፍበት፤ የሚያስደነግጠውንና የሚያረጋጋውንም ይጨምርበት። መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት በተዛወረ ጊዜ ደብተሩን ለተተኪው ያስረክብ፤ ግልባጩንም ለወላጆቹ ይስጥ።