ትምህርት፤ ትንንሽ ሥዕሎችን በእጅ ስልክ ገጽ ላይ በልክ ስለ መደርደር

በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ብዙ ፎቶግራፎችን ባንድነት ማሳየት የሚሻ ሰው ትንንሽ ሥዕሎችን በረድፍና በዐምድ ይደረድራል። ነገር ግን የስልክ ሁሉ ወርድ እኩል አይደለም፤ ያው ስልክ እንኳ ወደ ጎን ሲጋደም ወርዱ ይለወጣል። ስለዚህ «ዐምዱ ሦስት ይሁን» ብሎ አስቀድሞ መቍረጥ ስሕተት ነው፤ በሰፊው ገጽ ሥዕሉ ያለ መጠን ይገዝፋልና። አስቀድሞ የሚወሰነው የሥዕሉ ትንሹ ወርድ ነው፤ የዐምዱ ቍጥር ግን በስሌት ይገኛል።

ስሌቱም እንዲህ ነው። በገጹ ወርድ ላይ አንድ ክፍተት ደምር፤ የክፍተቶች ቍጥር ከሥዕሎች ቍጥር በአንድ ያንሳልና። ድምሩን ለትንሹ ወርድና ለክፍተቱ ድምር አካፍል፤ ቀሪውን ተወው።

ምሳሌ። ልኩ በአንድሮይድ ስልክ ዲፒ ይባላል። የገጹ ወርድ 360፥ ክፍተቱ 6፥ ትንሹ ወርድ 110 ቢሆን፥ 366 ለ116 ሲካፈል 3 ይደርሳል፤ ዐምዱ 3 ነው። ከ360 ላይ ሁለቱ ክፍተቶች፥ ማለት 12፥ ቢቀነሱ 348 ይቀራል፤ ይህም ለ3 ሲካፈል የእያንዳንዱ ሥዕል ወርድ 116 ይሆናል። ስልኩ ተጋድሞ ወርዱ 720 ቢሆን ዐምዱ 6፥ የሥዕሉም ወርድ 115 ነው። በመጨረሻው ረድፍ ሥዕል ቢጎድል ባዶው ስፍራ ይቅር እንጂ የቀሩትን መለጠጥ አይገባም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ክብደት ነው። ርዝመቱ 4000 ወርዱ 3000 ነጥብ የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ ሲከፈትም ለየነጥቡ 4 ባይት፥ በጠቅላላው 48 ሚሊዮን ባይት የስልኩን ሜሞሪ ይይዛል። በአንድ ዲፒ ወርድ 3 ነጥብ ላለው ስልክ ግን የ116 ዲፒ ሥዕል 348 በ348 ነጥብ ይበቃዋል፤ ይህም 484,416 ባይት፥ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ትልቁን ሥዕል እንዳለ አውርዶ በትንሹ ማሳየት እንግዲህ የባለስልኩን የኢንተርኔት ገንዘብ ያባክናል፤ ሜሞሪው ሲሞላም መተግበሪያው ይዘጋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከሰርቨሩ አስቀድሞ አንሶ ይምጣ፤ የሚከፈተውም በገጹ ላይ የሚታየው ብቻ ይሁን።

ለአስተማሪ። ስልክ በሌለበት ትምህርት ቤት ገበታን እንደ ገጽ፥ የክብሪት ቀፎዎችን እንደ ሥዕል አድርጎ ይህን ማስተማር ይቻላል።

ጥያቄ። ክፍተቱና ትንሹ ወርድ እንደ ምሳሌው ሆኖ የገጹ ወርድ 480 ቢሆን ዐምዱ ስንት ነው? መልስ፤ 4 ዐምድ፥ የእያንዳንዱም ሥዕል ወርድ 115 ተኩል።